በብርቱ ሩጫ ጊዜ ደም ለምን ይኮመጥጣል? ስለ ላክቴትና ስለ ደም የአሲድና የቤዝ ሚዛን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በተካሄደው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ ውድድሩን ፈጽመዋል። ልዩነታቸው ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነበር። ውድድሩን የተከታተለ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ዙር ትንቅንቅ ነው። የሰውነትን አሠራር ለሚያጠና ባለሙያ ግን ከዚያ በፊት የተሮጡት 24 ዙሮችም ከዚያ ባላነሰ የሚያስገርሙ ናቸው። አንድ ሰው ለግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከአቅሙ ጣራ ብዙም ሳይርቅ ሲሮጥ፣ ደሙ ሩጫውን ወደሚያስቆም የአሲድነት ደረጃ ሳይደርስ እንዴት ይቆያል? በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን ሲጨምርስ በደሙ ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የተቀመጠ አጭር መልስ አለ። ጡንቻ ኦክስጂን ሲያጥረው ላክቲክ አሲድ ያመነጫል፤ ይህም ዝቃጭ ጡንቻውን ይመርዛል፣ ሯጩን ያደክማል፣ በማግስቱም ሰውነቱን ይሰባብረዋል የሚል ነው። አሠልጣኞች ይናገሩታል፤ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነውም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ባለፉት አርባ ዓመታት የተካሄዱ ምርምሮች ግን የዚህን መልስ አብዛኛውን ክፍል ሽረውታል። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን መጽሔት ገጽ መያዝ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ የላክቴት መጠን የታየበትን ሰው የምንመለከትበትን ዓይን የሚወስነው ይኸው አስተሳሰብ ነው።

ከኮመጠጠ ወተት እስከ እንቁራሪት እግር

ላክቲክ አሲድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1780፣ ምንጩም የኮመጠጠ ወተት ነበር። እርጎን እርጎ የሚያሰኘው ኮምጣጣ ጣዕም የዚሁ አሲድ ሥራ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ደግሞ የአገሩ ልጅ በርዜሊየስ ይኸንኑ አሲድ በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ላክቲክ አሲድና የጡንቻ ድካም በሰው አስተሳሰብ ተቆራኝተው ቀሩ።

ቁርኝቱን ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1907 የእንግሊዝ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ሆፕኪንስ ያወጡት ሥራ ነው። ከእንቁራሪት የተቆረጠ ጡንቻ ያለ ኦክስጂን በተደጋጋሚ እንዲኮማተር ሲደረግ ላክቲክ አሲድ ይከማችበታል፤ ኦክስጂን ሲያገኝ ደግሞ አሲዱ ይጠፋል። ቀጥሎም እንግሊዛዊው አርኪባልድ ሂልና ጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍ በዚሁ መስክ ባደረጉት ምርምር የ1922ን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሂል «የኦክስጂን ዕዳ» የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀ ሰው ነው። ሯጩ በሩጫው ጊዜ የተበደረውን ኦክስጂን ከሩጫው በኋላ በማለክለክ ይከፍላል ማለት ነው።

እነዚህ ሙከራዎች በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ የተቆረጠ የእንቁራሪት እግር የደም ዝውውር የለውም፤ ላክቴቱን የሚረከብ ልብ፣ ጉበት ወይም ሌላ ጡንቻ አጠገቡ የለም። ሊያወጣው ስለማይችል ያከማቸዋል። በሕይወት ያለ ሰው ግን እንዲህ አይደለም፤ የኋላው ምርምር ሁሉ ያተኮረውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

አሲዱ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። ላክቲክ አሲድ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ሃይድሮጅን አዮኑን የሚለቅ ነው። ግማሹ የሚለያየው ፒኤች 3.9 አካባቢ ሲሆን ነው። በጡንቻና በደም ውስጥ ባለው ፒኤች ከ1,000 ሞለኪውሎች ውስጥ 999 የሚሆኑት ተለያይተው፣ ላክቴትና ሃይድሮጅን አዮን ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ በሰውነታችን ውስጥ «ላክቲክ አሲድ» የሚባለው ነገር በእርግጥ እምብዛም የለም። የምንለካው ላክቴትን ነው፤ ደሙን የሚያኮመጥጠው ደግሞ ሃይድሮጅን አዮን ነው። የሁለቱ መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ቢሄድም ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም።

ጡንቻ ግሉኮስን ወይም ግላይኮጅንን ሰባብሮ እስከ ፓይሩቬት ያደርሳል። ፓይሩቬት ወደ ሚቶኮንድሪያ ገብቶ በኦክስጂን ይቃጠላል፤ አለዚያም ወደ ላክቴት ይለወጣል። በዚህ የመጨረሻ እርምጃ አንድ ሃይድሮጅን አዮን ይጠፋል እንጂ አይጨመርም። በሌላ በኩል ጡንቻው ለመኮማተር ኤቲፒን በሰበረ ቁጥር ሃይድሮጅን አዮን ይለቀቃል። ኤቲፒው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ መልሶ ሲሠራ ያ አዮን ይመለሳል። የኤቲፒው ፍጆታ ከሚቶኮንድሪያ አቅም ሲያልፍና ጉድለቱ በግሉኮስ ስብራት ሲሞላ ግን አዮኑ ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሮበርግስና ባልደረቦቹ ይህንን መሠረት አድርገው ላክቴት የአሲድነት መንስኤ ሳይሆን እንዲያውም አሲድነትን የሚያዘገይ ነው ሲሉ ጻፉ። ሌሎች ደግሞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ሒሳብ በአንድ ላይ ሲደመር ለአንድ ላክቴት አንድ ያህል ሃይድሮጅን አዮን ይወጣል ብለው ሞገቱ። ካናዳዊው ፒተር ስቱዋርት ካስተዋወቀው አቀራረብ የሚነሱት በበኩላቸው፣ ላክቴት ጠንካራ አናየን በመሆኑ በደም ውስጥ መብዛቱ ራሱ ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። ክርክሩ ለባዮኬሚስት ጠቃሚ ነው። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ለቆመ ሐኪም ግን ውጤቱ ብዙም አይለያይም፤ ላክቴት በጨመረ መጠን ባይካርቦኔት በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። የሚለያየው ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ፍርድ ነው። ጭስ ባለበት እሳት አለ፤ ቤቱን ያቃጠለው ግን ጭሱ አይደለም።

የኦክስጂን እጥረት የሚባለውስ? እዚህ ላይ የቀድሞው አስተሳሰብ ይበልጥ ተናግቷል። ማንኛውም ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ሳለ በደሙ ውስጥ በሊትር ከ0.5 እስከ 2 ሚሊሞል ላክቴት አለው፤ ቀይ የደም ህዋሳት ሚቶኮንድሪያ ስለሌላቸው ሁልጊዜ ያመነጩታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኮኔትና ባልደረቦቹ በውሻ ጡንቻ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በጡንቻው ህዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያን የሚያግድ የኦክስጂን እጥረት ሳይኖር ላክቴት እንደሚመነጭ አሳይተዋል። ብርቱ እንቅስቃሴ አድሬናሊንን ከፍ ያደርጋል፤ አድሬናሊን ግላይኮጅንን በፍጥነት ያሰብራል፤ ፓይሩቬቱ ሚቶኮንድሪያ ሊቀበለው ከሚችለው በላይ ይጎርፋል። ለአስም የሚሰጠው ሳልቡታሞል በብዛት ሲወሰድ ሕመምተኛው በቂ ኦክስጂን እያለው ላክቴቱ ከፍ የሚለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የደም ላክቴት እንግዲህ በዋናነት የሚነግረን ስለ ግሉኮስ ስብራት ፍጥነትና ስለ ማስወገጃው አቅም ነው እንጂ ስለ ኦክስጂን ብቻ አይደለም።

በሩጫው ጊዜ በደም ውስጥ የሚሆነው

ውሃ ከቧንቧ የሚወርድበትን፣ ከሥሩም የሚያፈስን ገንዳ እናስብ። በቀስታ የሚሮጥ ሰው ጡንቻው ላክቴት ያመነጫል፤ የሚያመነጨውን ያህልም ይወገድለታል፤ ስለዚህ የገንዳው ውሃ ከፍ አይልም። ፍጥነቱ ሲጨምር ውሃው ጥቂት ከፍ ብሎ እንደገና ይረጋጋል። የደም ላክቴት ሳይጨምር ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅ የሚችልበት ከፍተኛው ፍጥነት ለጽናት ሯጭ ወሳኝ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚለካው ላክቴት በአማካይ በሊትር 4 ሚሊሞል አካባቢ ነው ቢባልም ከሰው ወደ ሰው በእጅጉ ይለያያል፤ አንዱ በ3፣ ሌላው በ6 ይረጋጋል። «4 ሚሊሞል» የሚለውን ቁጥር ለሁሉም ሯጭ እንደ ሕግ የሚጠቀሙ አሠልጣኞች በዚህ ይሳሳታሉ።

ማራቶን የሚሮጠው ከዚህ ወሰን በታች ነው። በማራቶን ሯጭ ደም ውስጥ ላክቴት ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ይላል፤ የደሙ ፒኤችም ከተለመደው 7.40 እምብዛም አይርቅም። የ10,000 ሜትር ውድድር በወሰኑ ላይና ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚካሄድ ነው፤ ላክቴቱ በዝግታ ይከማቻል። ሯጩ በመጨረሻው ዙር ሲፈተለክ ግን ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ከሁሉ የሚብሰው ከ400 እስከ 1,500 ሜትር ባለው ውድድር ሲሆን፣ ላክቴት በሊትር ከ15 አልፎ 20 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በሥራ ላይ ባለው ጡንቻ ውስጥ ፒኤች ከ7.0 ተነሥቶ እስከ 6.5 አካባቢ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ አሲድ ደሙን ፈጽሞ የማያበላሸው በተከታታይ የቆሙ መከላከያዎች ስላሉ ነው። የመጀመሪያው በራሱ በጡንቻ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች፣ ፎስፌትና ካርኖሲን ናቸው። ሁለተኛው ላክቴትንና ሃይድሮጅን አዮንን አንድ ለአንድ አጣምረው ከህዋሱ የሚያወጡ በር መሰል ፕሮቲኖች ናቸው። ሦስተኛው የደም ባይካርቦኔት ነው፤ ሃይድሮጅን አዮንን ተቀብሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አራተኛው ሳንባ ነው። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ሰው በብርቱ ሩጫ ከ150 ሊትር በላይ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ሯጭ የሚያለከልከው ኦክስጂን ለመሻት ብቻ አይደለም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በማስወጣት አሲድን በአፉና በአፍንጫው እየጣለ ነው። ኩላሊት በዚህ ትግል ውስጥ ድርሻው አነስተኛ ነው፤ ሥራው ሰዓታትንና ቀናትን ይጠይቃል፤ ሩጫው ግን በደቂቃዎች ያበቃል።

ቁጥሮቹን በምሳሌ እንያቸው። ምሳሌው የአንድ ሰው ውጤት ሳይሆን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የሚኖር ወጣት 800 ሜትር በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ሲጨርስ ከደም ቅዳው በተወሰደ ናሙና ላክቴቱ በሊትር 15 ሚሊሞል፣ ባይካርቦኔቱ ከ24 ወርዶ 12 ሚሊሞል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቢሆን፣ ፒኤቹ 7.19 ይሆናል። የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በሊትር ከ40 ወደ 64 ናኖሞል ከፍ ብሏል ማለት ነው። ላክቴቱ የጨመረው በ14 ሚሊሞል፣ ማለትም በ14 ሚሊዮን ናኖሞል ነው፤ በነፃነት የቀረው ሃይድሮጅን አዮን ግን የጨመረው በ24 ናኖሞል ብቻ ነው። ከላክቴት ጋር እኩል አሲድ ወጥቷል ብለን ብናስብ፣ ከ500,000 በላይ ከሆኑ ሃይድሮጅን አዮኖች ውስጥ አንዱ ብቻ ነው ያመለጠው። ፒኤች 7.19 ሲታይ የሚያስደነግጥ ቁጥር ቢሆንም ከበስተኋላው ያለው ታሪክ የመከላከያው ድል ነው።

በዚህ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገር እናስተውል። ለባይካርቦኔት 12 በተለመደው ቀመር የሚጠበቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 26 አካባቢ ነው፤ ሯጩ ግን 32 ላይ ነው። ይህ የሳንባ በሽታ ምልክት አይደለም። ቀመሩ የተሠራው አሲድነታቸው ለሰዓታት ለቆየ ሕመምተኞች ሲሆን፣ የሯጩ መተንፈሻ ግን ለመድረስ ያገኘው ጊዜ ደቂቃዎችን ብቻ ነው።

ባይካርቦኔት ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ አስቀድሞ መጠጣቱ ይረዳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይረዳል፤ በጥቂቱ። በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ0.2 እስከ 0.3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ከውድድሩ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በፊት መውሰድ ከአንድ እስከ አሥር ደቂቃ ገደማ በሚቆዩ ብርቱ ውድድሮች ላይ አነስተኛ ጥቅም እንዳለው በብዙ ጥናቶች ታይቷል። የተከለከለ መድኃኒትም አይደለም። ነገር ግን 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 18 ግራም ድረስ ማለት ነው፤ በዚህም ውስጥ ከ200 ሚሊሞል በላይ ሶዲየም አለ። ብዙዎች ሆዳቸውን ይነፋቸዋል፣ ያስታውካቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሊሞክረው አይገባም።

ላክቴት የት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሩክስና ባልደረቦቹ ላክቴት ከህዋስ ወደ ህዋስ፣ ከአካል ወደ አካል የሚመላለስ ማገዶ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። በፍጥነት የሚኮማተሩት የጡንቻ ክሮች ያመነጩትን ላክቴት አጠገባቸው ያሉት ዝግተኛ ክሮች ተቀብለው ያቃጥሉታል። ልብ በሩጫ ጊዜ ከሚጠቀምባቸው ማገዶዎች አንዱ ይኸው ነው፤ አንጎልም ይጠቀምበታል። ጉበት ደግሞ ላክቴቱን መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል፤ ለዚህ ዑደት ስማቸውን የሰጡት የ1947ን የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት መካከል የነበሩት ካርልና ጌርቲ ኮሪ ናቸው። በእንቅስቃሴ ጊዜ ከሚመነጨው ላክቴት ሦስት አራተኛው ያህል በኦክስጂን ይቃጠላል። የሠለጠነ ሯጭ ካልሠለጠነው የሚለየው ላክቴት ባለማመንጨቱ አይደለም፤ በእኩል ፍጥነት ሲሮጡ ያመነጨውን ቶሎ የሚያቃጥል ሚቶኮንድሪያና ከህዋስ ወደ ህዋስ የሚያሻግር በር በብዛት ስላለው ነው።

ታዲያ የሚያደክመው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዛዊው ሐኪም ብራያን ማካርድል የገለጸው በሽታ እዚህ ላይ ታላቅ ምስክር ነው። ይህ በዘር የሚወረስ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የጡንቻቸውን ግላይኮጅን መስበር አይችሉም፤ ብርቱ ሥራ ሲሠሩ ላክቴታቸው ከፍ አይልም፣ ጡንቻቸውም አይኮመጥጥም። በአሮጌው አስተሳሰብ ከሆነ የማይደክሙ ሊሆኑ ይገባ ነበር። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ፈጥነው ይዝላሉ፣ ጡንቻቸውም ተኮማትሮ ያሠቃያቸዋል። የጥንቶቹ ሙከራዎች አሲድ የጡንቻን ኃይል ክፉኛ እንደሚቀንስ ያሳዩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀዝቃዛ ሙቀት ስለተሠሩ ነው፤ በሰውነት ሙቀት ሲደገሙ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ድካም የብዙ ነገሮች ድምር እንደሆነ ይታመናል። የፎስፌት መከማቸት፣ የፖታሲየም ከጡንቻ መውጣት፣ የግላይኮጅን ማለቅ፣ የሰውነት ሙቀት መጨመርና የአንጎል ቁጥጥር ሁሉ ድርሻ አላቸው። አሲድም ጨርሶ ነፃ አልወጣም፤ ከላክቴትና ከኤቲፒ ጋር ተባብሮ የጡንቻን የስሜት ነርቮች በማነሣሣት እግር ሲተሳሰር የሚሰማውን መቃጠል ያመጣል።

በማግስቱ የሚሰማው የሰውነት መሰባበር ግን ከላክቴት ጋር አይገናኝም። ላክቴት በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሕመሙ የሚበረታው ደግሞ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሮጠ ሰው ሽቅብ ከወጣው ይልቅ ጭኑን ያመዋል፤ ላክቴቱ ከፍ ያለው ግን ሽቅብ የወጣው ነው። ቁልቁለት ጡንቻን እየተለጠጠ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ፤ ሕመሙም የዚያ ጉዳት ነው። «ላክቲክ አሲድን ለማውጣት» ተብሎ የሚደረገው መታሸት ደስ ያሰኝ እንደሆነ እንጂ የሚያወጣው ነገር የለም።

በአልጋ አጠገብ፦ የሰዓት ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፤ አብዛኞቹ ልምድ ያላቸው አትሌቶች አይደሉም። እንዲህ ባለ ውድድር መጨረሻ ላይ የወደቀ ሰው ወደ ሆስፒታል ቢመጣ፣ ላክቴቱም 12፣ ባይካርቦኔቱም 14 ቢሆን ምን ማለት ነው? ቁጥሮቹ ብቻቸውን ከኢንፌክሽን የተነሣ ደሙ መዘዋወር ካቃተው ሕመምተኛ ቁጥሮች ጋር አንድ ናቸው። የሚለያያቸው ጊዜ ነው።

ከብርቱ እንቅስቃሴ በኋላ ላክቴት በየ15 እስከ 25 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰውየው በዝግታ ከተራመደ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። የዚህ ምርጥ ማስረጃ የተገኘው ከሯጮች ሳይሆን የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ነው፤ ሙሉ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ የሚጥል በሽታ ሳይፈለግ የሚደረግ ብርቱ እንቅስቃሴ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1977 ኦሪንገርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሕመምተኞቹ መንቀጥቀጡ እንዳቆመ ፒኤቻቸው 7.14 አካባቢ፣ ላክቴታቸውም 12 ሚሊሞል ያህል ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለ ባይካርቦኔት ሕክምና ፒኤቻቸው ወደ መደበኛው ተመልሷል፣ ላክቴታቸውም በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ ተገቢው እርምጃ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደሙን ደግሞ መለካት ነው። ላክቴቱ እየወረደ ከሆነ ሰውነቱ ማገዶውን እያቃጠለ ነው። ባለበት ከቆመ ወይም ከጨመረ ግን ሩጫው አይደለም ምክንያቱ፤ ሌላ ነገር ይፈለግ። የማይወርድ ላክቴት ዛሬም ከአደገኛ ምልክቶች አንዱ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ይህንን አያስተባብልም።

ባይካርቦኔት በደም ሥር መስጠት በእንዲህ ያለ ጊዜ አያስፈልግም። ላክቴቱ ራሱ ሲቃጠል ወይም ግሉኮስ ሲሆን ሃይድሮጅን አዮንን ይዞ ስለሚጠፋ ባይካርቦኔቱ በራሱ ይመለሳል። በላዩ ላይ የተጨመረው ትርፍ ሆኖ ደሙን ከሰዓታት በኋላ ወደ ተቃራኒው ወገን ይገፋዋል፤ ፖታሲየምንም ዝቅ ያደርጋል። ፖታሲየም በብርቱ ሩጫ መጨረሻ ላይ በሊትር ከ6 ሚሊሞል በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ከመነሻው በታች ሊወርድ ስለሚችል ፈጥኖ ለማከም መነሣት ራሱ አደጋ አለው።

የወደቀውን ሯጭ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። መጨረሻውን መሥመር አልፎ ቆሞ የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደሙ በእግሮቹ ውስጥ በመጠራቀሙ የደም ግፊቱ ዝቅ ያለበት ነው፤ ጋድም ብሎ እግሩ ከፍ ሲደረግ ይነቃል። እየሮጠ ሳለ የወደቀ ወይም አእምሮው የተዛባ ግን ወዲያውኑ የሰውነቱ ሙቀት በፊንጢጣ ይለካ። ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነና ከተዘባረቀ፣ ወደ ሆስፒታል ከመውሰድ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ማቀዝቀዝ ይቀድማል። ውሃ አብዝቶ የጠጣ ሯጭ ሶዲየሙ ወርዶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ለእርሱ ተራ ግሉኮስና ውሃ መስጠት ጥፋት ነው። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ የሆነው ደግሞ የጡንቻው ህዋሳት ስለመፍረሳቸው ይመረመር። ከነዚህ ሁሉ ፊት ላክቴቱን ብቻ እያዩ መጨነቅ ጊዜን ማባከን ነው።

ስለ ናሙና አወሳሰድም ጥቂት ልበል። ክንድን ለረጅም ጊዜ አስሮ፣ ሕመምተኛውን ጡጫውን እንዲጨብጥና እንዲፈታ እያዘዙ ደም መውሰድ የክንዱን ጡንቻ ማሠራት ነው፤ ላክቴትንም ፖታሲየምንም ያዛባል። በተለመደ ጠርሙስ ተቀምጦ ቤተ ሙከራ የሚጠብቅ ደምም ቀይ ህዋሳቱ ግሉኮስ መስበራቸውን ስለማያቆሙ ላክቴቱ እየጨመረ ይሄዳል። ፍሎራይድ ባለበት ጠርሙስ፣ በበረዶ ላይ፣ ቶሎ መላክ ይገባል። የላክቴት መሣሪያ በሌለበት ጤና ተቋም ከሶዲየም ላይ ክሎራይድንና ባይካርቦኔትን ቀንሶ የሚገኘው የአናየን ክፍተት ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ይህም በሰዓት ውስጥ ተደግሞ ሲሠራ መጥበቡ ይታያል።

የደጋው ሰው ደም

ከላይ የተጠቀሱት የመነሻ ቁጥሮች የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በርካታ የዓለም ሻምፒዮኖችን ያፈራችው በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከ570 እስከ 580 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ፣ ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጂን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 150 ወደ 110 አካባቢ ይወርዳል። ሰውነት ይህንን ለማካካስ ዘወትር ጥቂት አብዝቶ ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንሳል፤ ኩላሊትም በቀናት ውስጥ ባይካርቦኔትን በመጣል ፒኤቹን ያስተካክላል። ተመሳሳይ ከፍታ ባላቸው እንደ ሜክሲኮ ሲቲና ቦጎታ ባሉ ከተሞች በጤነኞች የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ30 እስከ 35፣ ባይካርቦኔትም ከ20 እስከ 22 አካባቢ ነው። ለከፍታ መለማመድ በሁሉም ሕዝብ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ክልል ደገኞች ሄሞግሎቢናቸውና የደማቸው የኦክስጂን ሙሌት ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ጋር የተቀራረበ መሆኑን ዘግበዋል። የአተነፋፈሱ አቅጣጫ ግን ያው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ደጋ ላይ የሚሮጥ ሰው ሩጫውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለሉ ሯጭ ባነሰ ባይካርቦኔት ነው፤ ላክቴቱ እኩል ቢጨምር ፒኤቹ ሊፈጥን ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ፍጥነት ልምምድ ማድረግ ያስቸግራል። ሁለተኛው ለሐኪሙ ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ ከ22 እስከ 26 ያለውን ባይካርቦኔት መደበኛ ብሎ ሲጽፍ፣ በአዲስ አበባ ባይካርቦኔቱ 21፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ 33፣ ፒኤቹ 7.42 የሆነው ጤነኛ ሰው «አሲድ በዝቶበታል» ሊባል ይችላል። ሯጭ ከሆነማ ጥፋቱ በላክቴት ላይ ይለጠፋል። በተቃራኒው፣ በብርቱ አስም ተይዞ በአዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚያለከልክ ወጣት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊቱ 40 ሆኖ ቢገኝ፣ በመጽሐፉ መሠረት መደበኛ ነው። በዚህ ከፍታ ግን ከጤነኛ ጎረቤቱ በ5 ወይም በ10 ከፍ ያለ ነው፤ መተንፈሻ ጡንቻዎቹ እየዛሉ ስለሆነ ሐኪሙ ከአጠገቡ ሊለይ አይገባም።